ስለ አብጃታ ውሃና ስለ ሞጆ ቆዳ

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ ሞጆ ሲደርስ የቆዳ ማልፊያውን ሽታ ሳይቀበል አያልፍም። ሽታውም ተበላሽቶ እንደ ከረመ ዕንቁላል ያለ ነው፤ ብዙ ሰውም የቆዳው የራሱ ሽታ ይመስለዋል። ነገር ግን ከቆዳው ብቻ የሚወጣ አይደለም፤ ጠጉሩን ለማላቀቅ ከኖራ ጋር ከሚጨመረው ሶዲየም ሰልፋይድ ከሚባለው ቅመም የሚመጣ ነው። ይህን ቅመም ከሥራው ላይ ለመቀነስ የሚረዳ ነገር፥ ከሞጆ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በሚገኙት በአብጃታና በአካባቢው ሐይቆች ውስጥ እንዳለ ያገራችን ሊቃውንት መርምረው ከጻፉ ብዙ ዓመት ሆነ። ነገሩ ለሹማምንትም ለካህናትም ሊታወቅ የሚገባው ስለ ሆነ ዛሬ ጥቂት እናብራራዋለን። ከአንድ አዋጅ በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሥጋም፥ ጠጉርም፥ ቆዳም፥ ጥፍርም የተሠሩት በብዛት ፕሮቲን ከሚባለው ነገር ነው። ፕሮቲንም በክር እንደ ተሰካ መቁጠሪያ ያለ ነው፤ ፍሬዎቹ አሚኖ አሲድ ይባላሉ፥ ዓይነታቸውም ሃያ ነው። ክሩ አጭር ሲሆን ፔፕታይድ፥ ረዝሞና ተጠቅልሎ ቅርጽ ሲይዝ ፕሮቲን ተብሎ ይጠራል። አንዱን ፍሬ ከሁለተኛው ጋር ያያያዘው ማሰሪያ እጅግ ጽኑ ነው፤ ለውሃ ብቻ ቢተው ብዙ ዘመን ሳይፈታ ይቈያል። በሰው ሆድ ውስጥ ግን የተበላው ሥጋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይፈታል። ይህን የሚያደርገው ኢንዛይም ነው፤ ማሰሪያውን ይቈርጣል፥ ራሱ ግን ሳያልቅ ወደሚቀጥለው ማሰሪያ ያልፋል። የፕሮቲንንና የፔፕታይድን ማሰሪያ የሚቈርጡት ኢንዛይሞች በአንድነት ፕሮቴዝ ይባላሉ።

ከእነዚህም መካከል በጨጓራ ውስጥ የሚሠራውን ፔፕሲንን ጀርመናዊው ቴዎዶር ሽቫን በ1836 አገኘ። ኢንዛይም የሚለውን ስም ደግሞ ሌላው ጀርመናዊ ቪልሄልም ኩነ በ1870ዎቹ አወጣለት፤ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሆኖ ትርጓሜው «በእርሾ ውስጥ» ማለት ነው። እርሾንና ጥንስስን ለሚያውቅ ላገራችን ሰው እንግዳ ስም አይደለም።

ቆዳ ማልፋትና ይህ ዕውቀት የተገናኙት ደግሞ በሚያስገርም መንገድ ነው። የአውሮፓ ቆዳ አልፊዎች እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ቆዳውን ለማለስለስ የውሻ ዓይነ ምድርና የርግብ ኩስ ይጠቀሙ ነበር (አንባቢ ይቅርታ ያድርግልን፥ ታሪኩ እንዲሁ ነው)። ኦቶ ሮህም የተባለው ኬሚስት ግን ሥራውን የሚሠራው ቈሻሻው ሳይሆን በውስጡ ያለው ኢንዛይም መሆኑን ተረድቶ፥ ከታረዱ ከብቶች ቆሽት ኢንዛይሙን እያወጣ መሸጥ ጀመረ፤ በ1907ም ለዚሁ ሥራ ከባልንጀራው ጋር ኩባንያ አቋቋመ። ያገራችን ብራና ፋቂዎች ግን ኖራም ሆነ ሌላ ቅመም ሳይሹ ሌጦውን በውሃ ዘፍዝፈው፥ በእንጨት ወጥረው፥ በስለት እየፋቁ ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ ለቅዱሳት መጻሕፍት የሚሆን ብራና ያወጣሉ። እርጥብ ቆዳ ሲሰነብት ጠጉሩ በራሱ እንደሚነቀልም ከብት ያረደ ሁሉ ያውቃል፤ ይህም ባክቴሪያ የሚባሉት ረቂቃን ሕያዋን የሚያወጡት የኢንዛይም ሥራ ነው።

እንግዲህ ኢንዛይም ጠጉር የሚነቅል ከሆነ ሰልፋይዱ ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ በፋብሪካው ገንዳ ውስጥ ነው። የገንዳው ውሃ ኖራ የበዛበት ስለ ሆነ ተራ ኢንዛይም ወዲያው ይበላሽበታል፤ የጨጓራው ፔፕሲንማ የሚሠራው በኮምጣጣ ውስጥ ብቻ ነው። ሊቃውንት የውሃን ጠባይ ፒ ኤች በሚባል መለኪያ ይለካሉ፤ ንጹሕ ውሃ 7፥ የሎሚ ጭማቂ ከ3 በታች፥ የሶዳ ውሃ 10 ገደማ ነው። ስለዚህ በሶዳ ውስጥ ተወልዶ በሶዳ ውስጥ የሚኖር ፍጥረት መፈለግ ያስፈልጋል። ጃፓናዊው ኮኪ ሆሪኮሺ በ1971 እንዲህ ካለው ባክቴሪያ የወጣ ፕሮቴዝ ለዓለም አሳወቀ፤ ከዚያም ወዲህ የሶዳ ሐይቅ ያለው አገር ሁሉ የሀብት ባለቤት ሆነ።

የእኛ ስምጥ ሸለቆ በዚህ በኩል ባለጸጋ ነው። አብጃታ፥ ሻላና ጭቱ፥ በቢሾፍቱም አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ መውጫ የሌላቸው ናቸው፤ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ታጥቦ የሚገባው ጨው ይከማቻል፥ ውሃው በፀሐይ ይተንናል፥ ሶዳው ይቀራል። እጁን የነከረበት ሰው ሳሙና እንደ ነካ ያህል ሙልጭልጭ ይልበታል። በዚህም ሆኖ ውሃው ሕይወት የሞላበት ነው፤ ፍላሚንጎ የሚባሉት ወፎች በጭቱና በአብጃታ የሚሰበሰቡት በውሃው ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ረቂቅ ፍጥረት ለመመገብ ነው።

ከዚህ ውሃ ፕሮቴዝ የሚያወጡ ባክቴሪያዎችን ፈልገው ካገኙት መካከል ቀዳሚ ሆነው የሚጠቀሱት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩትና የመረመሩት ዶክተር አማረ ገሠሠ ናቸው። በ1997 ከብርሃኑ ጋሼ ጋር ሆነው ከሶዳ ሐይቅ ስለ ተገኘ አንድ ባክቴሪያና ስለ ፕሮቴዙ በባዮቴክኖሎጂ መጽሔት ጻፉ። በዚያው ዓመት ያሳተሙት ሌላው ጽሑፍ ግን ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስደስተናል። ባክቴሪያ እንዲበዛ ምግብ ይሻል፤ ከውጭ የሚገዛው ምግብ ደግሞ ውድ ነው። እርሳቸው ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን የኑግ ፋጉሎ ቢሰጡት ባክቴሪያው በልቶ ኢንዛይሙን እንደሚሠራ አሳዩ። ባላገር ለላሙ የሚሰጠው ፋጉሎ ለላቦራቶሪ ሥራ በቃ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ምርምር ያገሩን ችግርም ያገሩንም ዕቃ ከሚያውቅ ሰው በቀር ከማን ይገኛል?

በ2003 ደግሞ በስዊድን አገር ከሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከራጅኒ ሃቲ ካውልና ከቡ ማቲያሶን፥ ከብርሃኑ ጋሼም ጋር፥ ሁለት ባክቴሪያዎች የዶሮ ላባ ብቻ እየተመገቡ ፕሮቴዝ እንደሚያወጡ ገለጡ። ላባ ውሻ እንኳ የማይነካው ነገር ነው። ከሁለቱ የአንደኛው ኢንዛይም ሌሎቹ ፕሮቴዞች ጸንተው ለመቆም የሚሹትን ካልሲየም ሳይፈልግ ይሠራል፤ የልብስ ሳሙና ዱቄት ካልሲየምን የሚይዝ ቅመም ስለሚጨመርበት ይህ ጠባይ በሳሙና ሠሪዎች ዘንድ ዋጋ አለው። በ2006ም ከኢትዮጵያ የሶዳ ሐይቅ የተገኘ አዲስ ባክቴሪያ ኔስቴሬንኮኒያ ኤቲዮፒካ ተብሎ ያገራችን ስም በሳይንስ መዝገብ ተጻፈ። በ2012 ደግሞ ከጭቱ ሐይቅ ስለ ተገኘ ሌላ ፕሮቴዝ ጽሑፍ ወጣ።

ይህ ሁሉ ከተጻፈ በኋላ የሚቀረው ከወረቀት ወደ ገንዳ መውረዱ ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ኢንዛይም ጠጉሩን ከሥሩ ያላላል፤ ነገር ግን መጠኑ ከበዛ ወይም ጊዜው ካለፈ የቆዳውን ፊት ራሱን ይበላል፥ ቆዳውም ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ፋብሪካ በአንድ ጊዜ ሰልፋይዱን ጥሎ ኢንዛይም ያስገባ ማለት ቀላል ምክር አይደለም፤ በትንሽ ገንዳ፥ በበግ ሌጦም በፍየል ሌጦም በየራሱ መሞከር ያስፈልገዋል። ቆዳውን ለማጽናት የሚገባው ክሮም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ፕሮቴዝ ለእርሱ ፈውስ አይሆንም። ይሁን እንጂ ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ከባዱ ክፍል የሚወጣው ከመዘፍዘፊያውና ከጠጉር መንቀያው ነው፤ በሰልፋይድ ሲሠራ ጠጉሩ ራሱ ሟሙቶ ከፍሳሹ ጋር ይሄዳል፥ በኢንዛይም ሲሠራ ግን ሳይሟሟ ተለቅሞ ይቀራል። የሞጆ ወንዝ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል፤ የአዳማ ሕዝብም የሚጠጣው ከቆቃ የሚወጣውን የአዋሽን ውሃ በማጣሪያ አሳልፎ ነው። የሞጆ ገንዳ ጉዳይ የሞጆ ብቻ የማይሆነው ስለዚህ ነው። አዳማ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ፋብሪካዎቹም ከደጇ ናቸው፤ መንግሥት ሁለቱን በአንድ ገንዳ ዙሪያ ቢያገናኛቸው ወጪው ብዙ አይሆንም ብለን እናስባለን።

ሁለተኛው ጉዳይ የባለቤትነት ነው። በኬንያ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ከኬንያ የሶዳ ሐይቆች በተወሰዱ ባክቴሪያዎች የተገኘ ኢንዛይም በውጭ አገር ኩባንያ እጅ ገብቶ ጂንስ ልብስ ለማለስለስ ለገበያ ዋለ፤ የኬንያ የዱር አራዊት ባለሥልጣንም በ2004 ድርሻችን ይሰጠን ብሎ ጮኸ። ባገራችን አዋጅ ቁጥር 482/1998 እንዲህ ያለውን የሕይወት ሀብት መውሰድ የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅ፥ ከጥቅሙም የአካባቢው ማኅበረሰብ ድርሻ እንዲያገኝ ይደነግጋል። አዋጁ መልካም ነው።

አዋጅ ግን የደረቀ ሐይቅ አይሞላም። አብጃታ የሚኖረው ከባቱ፥ ቀድሞ ዝዋይ ትባል ከነበረችው ከተማ፥ ሐይቅ ተነሥቶ በቡልቡላ ወንዝ በሚወርደውና ከላንጋኖ በሆራቀሎ በሚመጣው ውሃ ነው። የላይኛው ውሃ ለመስኖ ይጠለፋል፤ በ1980ዎቹም መጨረሻ በሐይቁ ዳር የሶዳ ፋብሪካ ተተክሎ የአብጃታን ውሃ በገንዳ እያደረቀ ሶዳ ማውጣት ጀመረ። ከ1970ዎቹ ወዲህ ከሐይቁ ስፋት ግማሽ ያህሉ ደርቋል። ጨዉ ስለ በረታ ዓሣው አለቀ፤ በሻላ ደሴቶች እየተራቡ ከአብጃታ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩት ይብራዎችም ምግባቸውን ሌላ ስፍራ ይፈልጋሉ። የወፍ መሄድ በዓይን ይታያል፤ የባክቴሪያን መጥፋት ግን ማንም አያይም። በላቦራቶሪ ብርድ ውስጥ የተቀመጡት ጥቂቶቹ ይቈዩ ይሆናል፤ ገና ያልተመረመሩት እልፍ አእላፋት ግን ከውሃው ጋር ያልፋሉ። የጭቱ ስፋትማ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አንድ የበጋ ድርቅና ጥቂት የውሃ መሳቢያ ሞተር ምን እንደሚያደርጉት ከአብጃታ ዳር ቆሞ ማየት ይቻላል።