ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ የሚዘጋው ሱቅ

ለንግድ ድሬዳዋ የወረደ የአዲስ አበባ ሰው አንድ ጊዜ ሳይበሳጭ አይመለስም። ጠዋት ዋጋ ሲያጠያይቅ አርፍዶ፣ ሒሳቡን ሠርቶ ልግዛ ሲል ከቀኑ 6 ሰዓት ያልፋል፤ ቀፊራና አሸዋም በር መዝጋት ይጀምራሉ። ባለሱቁ ምሳውን በልቶ፣ ጋደም ብሎ ወይም በርጫው ላይ ተቀምጦ ፀሐይ እስክትበርድ ድረስ አይመለስም። እንግዳው ጥላ ፈልጎ ይቀመጥና እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚሠሩት ይላል።

ጥያቄው የዋህ ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በሚዘልበት ከተማ፣ በቀትር በሩን ከፍቶ የሚቀመጥ ነጋዴ ለማን ይሸጣል? ገዢውም ተኝቷል። ሁሉም በአንድ ሰዓት ስለሚዘጋ ደንበኛውን ለጎረቤቱ የሚያስረክብ የለም፤ የቀትሩ ሽያጭም አመሻሽ ላይ ይመለሳል። በምጣኔ ሀብት ቋንቋ የዚህ እረፍት ዋጋ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው።

ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው መልካ ጀብዱ ግን ሌላ ሰዓት መቁጠር ጀምሯል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ የተሠራው እዚያ ነው፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም ደግሞ የሀገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና በዚያው ተመረቀ። ጂቡቲ ላይ የሚቆጠር የኮንቴይነር መዘግየት ክፍያ ቀትር ሆነ ብሎ አይቆምም። ትራንዚተሩ፣ የጭነት ደላላውና ባለመኪናው ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ ምሳቸውን ይጎርሳሉ። ለነገሩ በርጫውም ቢሆን ሙሉ እረፍት ነው ማለት ይቸግራል፤ የዋጋ ወሬ የሚሰማው፣ ማን ዱቤውን እንዳልከፈለ የሚታወቀው እዚያው ፍራሽ ላይ ነው። ቅጠሉን የሚያቀርበው ነጋዴ ደግሞ ጭራሽ አያርፍም። ጫት ባደረ ቁጥር ዋጋው ይወርዳልና።

ተቀጣሪው ሕግ አለው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ፈቃዴን ትቻለሁ ብሎ ቢፈርም እንኳ ፊርማው ዋጋ የለውም። ባለሱቁን እረፍ ብሎ የሚያስገድድ አዋጅ ግን የለም፤ አለቃውም ሠራተኛውም እሱው ነው።

ያለ እረፍት የመሥራት ዕዳ ደግሞ ተሰልቷል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2013 ዓ.ም ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት በአንድ ዓመት ብቻ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ለ745,000 ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል። ገዳዮቹ ስትሮክና የልብ ሕመም ናቸው። ጠዋት 1 ሰዓት ከፍቶ ማታ 2 ሰዓት የሚዘጋ፣ እሑድንም የማያርፍ ነጋዴ 55 ሰዓቱን በአምስተኛው ቀን ይጨርሳል።

አንድ የጅምላ ነጋዴ እናስብ። የቀን ትርፉ 3,000 ብር ቢሆንና ሱቁን ለሳምንት ቢዘጋ 21,000 ብር ያጣል። ሳይዘጋጅ ታሞ ሦስት ወር ቢተኛስ? 270,000 ብር፣ በዚያ ላይ በቃል ያበደረው ዱቤ ሁሉ። ለመኪናው የኢንሹራንስ አረቦን የሚከፍል ሰው ለራሱ 21,000 ብሩን የሚሳሳው ለምንድን ነው?

ደግነቱ የድሬ ነጋዴ ዘዴውን ከጥንትም ያውቀዋል። ሐጅ የሚሄደው ለሳምንታት ይርቃል፤ ከመሄዱ በፊት ያለበትን ዕዳ መክፈል፣ ያለውንም ለቤተሰቡ ማሳወቅ ግዴታው ነው። በሌላ አነጋገር መጽሐፉን ይዘጋል፤ ብዙ ባለሱቅ በሌላ ጊዜ የማያደርገው ነገር ነው። ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ደንገጎን አልፎ ቁልቢ የሚወጣውም ሱቁን ለእህቱ ልጅ አስረክቦ ነው የሚሄደው። ያ ሁለትና ሦስት ቀን የማያስከፍል ኦዲት ነው። የዱቤ ደብተሩ ለሌላ ሰው ይነበባል? አቅራቢው ከልጁ ጋር በስልክ ይግባባል? ዋጋው በባለቤቱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው ወይስ ተጽፏል?

ከቁልቢ መልስ ሳጥኑ ጎድሎ ከተገኘ ልጁን ከመቆጣት በፊት ምን ሳይነገረው እንደቀረ መጠየቅ ይሻላል። ሞልቶ ከተገኘ ደግሞ ደመወዙን መጨመርና ቀጣዩን የእረፍት ቀን ካሁኑ መቁረጥ ነው።