ኤም ኤስ ያለባትን ማዳም ስናስታምም

እህቶቼ፣ በዓረብኛ «ተሰሉብ ለዊሒ» የሚባለው ኤም ኤስ ያለባትን ማዳም የምታስታምሙ አላችሁ። ነርስ በመሆኔ ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ «ይጋባል ወይ?» ብላችሁ ነው። አይጋባም። የሰውነት መከላከያ ራሱ የአንጎልንና የህብለ ሰረሰርን የነርቭ ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው።

ድካሙ ከባድ ነው፤ ስንፍና አይምሰላችሁ። ሰው ሲደክመው ይቀመጣል፤ ተቀምጦ ሲውል ይወፍራል፣ ስኳርና ደም ግፊትም ሊከተሉ ይችላሉ። እነዚህ ሲደረቡባት የመራመድ አቅሟ ቶሎ ሊዳከም ይችላል። ስለዚህ የእናንተ ማዕድ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ከእሷና ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግራችሁ የሻዩን ስኳርና ሩዝ ላይ የሚፈሰውን ቅቤ ቀንሱ፤ ምስርና አትክልት ጨምሩ። ሙቀት ሕመሙን ያብስባታልና ጠዋት በቀዝቃዛው፣ ወይም ኤሲ ባለበት ቤት ውስጥ፣ ደግፋችሁ ትንሽ አራምዷት።

ሕመሙ ሲነሳባት ኮርቲዞን ከተሰጣት ስኳሯ ከፍ ሊል ይችላል። ውሃ ጥም ከበዛባት፣ ሽንትም ቶሎ ቶሎ ካመላለሳት፣ ለቤተሰቡ ዛሬውኑ ንገሩ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታስቀሩ፤ በድንገት ማቋረጥ አደጋ አለው።

ሐኪሙ የሚያያት አልፎ አልፎ ነው። በየቀኑ የምታዩአት እናንተ ናችሁ።