የእግር ጉዞ፦ ስንቁ፣ ትጥቁና ዘዴው

እንደሚታወቀው ከዚህ ተቋም ተመርቀን ስንወጣ ሁላችንም አስፋልት ዳር አንመደብም። መኪና ከሚቆምበት ከተማ ተነሥተን፣ ጓዛችንን በጀርባችን አዝለን፣ የግማሽ ወይም የሙሉ ቀን መንገድ በእግር የምንገባበት ትምህርት ቤት ሊደርሰን ይችላል። ከዚያም አልፎ ተማሪዎቻችንን አስከትለን ተራራና ደን ለማሳየት የምንወጣበት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ የሰው ልጅ በአደራ ተቀብለናል ማለት ነው። ታዲያ የእግር ጉዞ ማለት እግርን ማንሣትና መጣል ብቻ ነው ብሎ የሚገምት ካለ፣ እኛም እንዲሁ ገምተን ነበርና፣ ይኸን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ቢያነብልን ደስ ይለናል።

ሰባት ሆነን ከደባርቅ ተነሥተን በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሦስት ቀን ጉዞ አድርገን ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች አንዱ ነው። ዋልያው፣ ቀይ ቀበሮው፣ ጭላዳ ዝንጀሮው፣ ጅብራው ሁሉ እዚያ ነው። ስለ ውበቱ ሌላ ጊዜ እናወራለን። ዛሬ የምናወራው ስለ ስሕተታችንና ከስሕተታችን ስለተማርነው ነው።

ጫማና እግር

ካንዳችን አንዱ ጫማውን የገዛው በጉዞው ዋዜማ ነበር። ሦስት ሰዓት እንኳ ሳንሄድ ተረከዙ ውሃ ቋጠረ። አዲስ ጫማ ለሠርግ ይሆናል እንጂ ለመንገድ አይሆንም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ወዲያ ወዲህ እያልን ልናለማምደው ይገባል። ካልሲ ሁለት እንያዝ፤ አንዱ ሲረጥብ ሌላውን ለመቀየር። የእግር ጥፍርም ከጉዞው በፊት ይቆረጥ፤ ቁልቁለት ላይ ጣት ከጫማው አፍ ጋር እየተጋጨ ያቆስላልና።

ዋናው ምሥጢር ግን ይኸ ነው። እግር ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ቦታው ይሞቃል፣ ይቆጠቁጣል። ያን ጊዜ «ትንሽ እንሂድና» ሳይሉ ወዲያው ቁጭ ብሎ፣ እግርን አድርቆ፣ ፕላስተር መለጠፍ ነው። የአምስት ደቂቃ እረፍት የሁለት ቀን ማነከስን ያስቀራል። ውሃ የቋጠረውንም ያለ ምክንያት አናፍርጠው፤ ቆዳው ቁስሉን ከቆሻሻ ይከላከልለታል።

ሸክም

የሸክማችን ክብደት ከሰውነታችን ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ12 ኪሎ በላይ አይሸከም ማለት ነው። እኛማ ሦስት ጂንስ ሱሪ ይዞ የመጣ ነበረብን! ጂንስ ከባድ ነው፤ ከረጠበም ደጋ ላይ ቶሎ አይደርቅም።

አስተሻሸጉም ዘዴ አለው። ለማታ ብቻ የሚፈለገው ለስላሳ ነገር፣ ለምሳሌ ብርድ ልብስ፣ ከታች ይሁን። ከባዱ ነገር ከመሐል፣ ወደ ጀርባ ተጠግቶ ይቀመጥ፤ ወደ ውጭ ከራቀ ሰውየውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ላስቲክ፣ ባትሪ፣ ውሃና ፕላስተር በቶሎ የሚፈለጉ ናቸውና ከላይ ይሁኑ። ሻንጣው የወገብ ማሰሪያ ካለው ጠበቅ አድርጎ ማሰር ነው፤ ሸክሙ ከትከሻ ወደ ዳሌ ይወርዳል። ዕቃውን ሁሉ አስቀድሞ በላስቲክ ከረጢት መክተት ደግሞ ከዝናብ ያድናል።

ልብስ

በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ እንደተማርነው፣ አንድ ሺህ ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ጎንደር ከተማ ላይ ማታ 15 ዲግሪ ቢሆን፣ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ጊች ላይ ወደ 6 ዲግሪ ይሆናል ማለት ነው። በበጋ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጋቢ ደረቅ ሲሆን ለማታ የሚስተካከለው የለም፤ ከረጠበ ግን እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ አያሞቅም። ሱፍ ግን ቢረጥብም ሙቀት ይይዛል። የደጋው ሰው ባናና በርኖስ የሚለብሰው በከንቱ አይደለም! በተጨማሪም ብርድ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሬትም ይገባል። ስለዚህ አንድ ነገር ከምንለብስ አንዱን ብናነጥፈው ይሻላል።

ስንቅና ውሃ

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይኸን ትምህርት ከኛ በፊት ጨርሰውታል። በሶ፣ ጩኮ፣ ዳቦ ቆሎና ቆሎ ቀላል ናቸው፣ አይበላሹም፣ እሳትም አይፈልጉም። እኛ ግን ዘመናዊ ልንሆን ብለን ጊች ላይ ክክ ጣድን። ውሃው ይንተከተካል፣ ክኩ ግን ወይ ፍንክች! ምክንያቱን በኋላ አሰብነው። 300 ሜትር በወጣን ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ በ88 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የቱንም ያህል ቢንተከተክ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ላምባችንን ጨርሰን በሶ በጥብጠን አደርን።

የወንዝ ውሃ ጥርት ስላለ ብቻ ንጹሕ ነው አይባልም። ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ክሎሪን ከሆነ እንደ መመሪያው ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። በቀን ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ውሃ ጥሙ እስኪያቃጥል ሳይጠብቁ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ መጎንጨት ይበጃል።

የከፍታ ሕመም

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ከመካከላችን አንዱ የቆላ ልጅ ነው። በሁለተኛው ቀን ጊች ስንደርስ ፀጥ አለ። ምሳውን አልበላም። «ምን ሆንክ?» ስንለው «ደህና ነኝ፣ ደክሞኝ ነው» ይላል። እኛም «ጀግናው ደከመው!» ብለን ሳቅንበት። ለካ ራሱ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። ሌሊት ሲያስመልሰው አደረ።

በ3,600 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ወደ 65 በመቶ ይወርዳል። በየትንፋሹ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት ይኸን ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው። ጉልበትና ወጣትነት አያድኑም፤ እንዲያውም ጉልበተኛው ስለሚፈጥን ቶሎ ይያዛል። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ የዛሬው ማደሪያ ከትናንትናው ከ500 ሜትር በላይ አይብለጥ። ምልክት የታየበት ሰው ካለ ወደ ላይ መሄድ ይቁም። ካልተሻለው ሳይዘገይ ወደ ታች መውረድ ነው። ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት ጋር እያገጣጠመ በቀጥታ መስመር መሄድ ካቃተው፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረው ግን ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ሌሊትም ቢሆን ሰው ተደግፎ ይውረድ፣ ወደ ሕክምና ይድረስ።

ሲነጋ ክርክር ተነሣ። እሜት ጎጎ የተባለው ዕፁብ ድንቅ ገደል ከፊታችን ነው። «እሱ እዚህ ይረፍ፣ እኛ አይተን እንመለስ» ያልን ነበርን። ሌሎቻችን «ሰው ታሞ ገደል እናያለን?» አልን። ወዳጃችን በመስመር መሄድ ስላላቃተው እንጂ ነገሩ ይከፋ ነበር። በመጨረሻ ሸክሙን ለስድስት ተካፍለን አብረን ወረድን። ከሰዓት በኋላ ሳንቃበር ስንደርስ ራሱ «በሶ አላችሁ?» አለ። እሜት ጎጎን አላየንም። ግን ከሁላችን የከበደን የቀረብን ገደል ሳይሆን የሳቅነው ሳቅ ነው። ወዳጃችን ሕመሙን የደበቀው እኛን ፈርቶ ነበርና። ነገ አንድ ተማሪ መምህሩን ፈርቶ ሕመሙን ቢደብቅስ?

ሰዓትና አቅጣጫ

እ.ኤ.አ. በ1892 ዊሊያም ናይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ ቀላል ስሌት አውጥቶ ነበር። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። 10 ኪሎ ሜትር መንገድ 600 ሜትር አቀበት ካለው 3 ሰዓት ይፈጃል። ለሸክምና ለእረፍት ግማሹን ብንጨምር 4 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ባገራችን ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ስለምትጠልቅ 10 ሰዓት ላይ ማደሪያ መድረስ ይገባል። ባላገሩን «ሩቅ ነው?» ብለን አንጠይቀው፤ ሊያበረታታን ብሎ «ቅርብ ነው» ይለናል። «ጧት የወጣ ሰው ስንት ሰዓት ይገባል?» ብንለው ግን ትክክለኛውን ይነግረናል።

በእጅ ሰዓት አቅጣጫ የማግኘቱ ዘዴ ፀሐይ አናት ላይ በምትወጣበት በኛ አገር ያሳስታል። ቀትር ገደማ ዱላ ተክሎ የጥላውን ጫፍ ምልክት ማድረግ፣ ሩብ ሰዓት ቆይቶ እንደገና ምልክት ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ምልክት ምዕራብ፣ ሁለተኛው ምሥራቅ ነው። የሰሜን ኮከብም ሰሜን ተራራ ላይ ከአድማስ በላይ 13 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ ኮረብታ ይጋርደዋል።

ወንዝ ከሞላ ደግሞ መጠበቅ እንጂ መድፈር አያስፈልግም። ደራሽ ውሃ የዘነበው እኛ ሳናይ ራስጌው ላይ ሊሆን ይችላል።

ባጭሩ፣ ዕቃው ሁሉ ተሟልቶ አንድ ነገር ቢቀር ጉዞው ጎደሎ ነው። እሱም መተሳሰብ ነው። ፍጥነታችን ከሁሉ በቀርፋፋው ሰው ይለካ፤ ከኋላ የሚሄድ አንድ ብርቱ ይመደብ፤ በየእረፍቱ ሰው ይቆጠር፤ «አሞኛል» ያለ ሰው አይሳቅበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ እኛም ቀስ ብለን ሁላችንም እንድረስ።

መልካም ጉዞ!