ፕላትሌት ሲያንስ

«ፕላትሌትህ ቀንሷል» የተባለ ሰው ምክር አያጣም፤ ቀይ ስር ጭመቅ፣ ጉበት ብላ ይሉታል። ቀይ ነገር ደም ይሞላል ነው እሳቤው። ከእነዚህ ምግቦች የሚጠበቀው ብረት ግን የሚያስፈልገው በተለይ ለቀይ የደም ሕዋስ ነው። እንዲያውም ብረት ያነሰው ሰው ፕላትሌቱ ከወትሮው ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ሁልጊዜ ባይሆንም ደጋግሞ የሚታይ ነገር ነው። (የፎሌትና የቢ12 እጥረት ፕላትሌትን ስለሚቀንስ፣ ምግብ ፋይዳ የለውም ማለቴ አይደለም።)

ደም እንዲረጋ የሚያግዘው ፕላትሌት ሙሉ ሕዋስ እንኳ አይደለም። መቅኒ ውስጥ ካለው ሜጋካርዮሳይት ከተባለ ግዙፍ ሕዋስ ተቆርሶ የሚወጣ፣ ኒውክለስ የሌለው ቁራሽ ነው። ግዙፉን ሕዋስ የሚያሳድገው ዋናው የእድገት መልእክተኛ እ.ኤ.አ. በ1994 ተለይቶ የታወቀው ትሮምቦፖይቲን የተባለ ሆርሞን ነው።

መልእክተኛው ወደ ሕዋሱ አይገባም፤ ሽፋኑ ላይ ኤምፒኤል ከተባለ ተቀባይ ጋር ይገናኛል። ያኔ ከተቀባዩ ጋር የተያያዘው ጃክ2 የተባለ ኢንዛይም ይነቃና ስታት5 በተባለ ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ስታት5 ኒውክለስ ውስጥ ገብቶ ጂኖችን ያሠራል። ኢአርኬና ኤኬቲ የተባሉ ሌሎች መስመሮችም አብረው ይነሳሉ። ሕዋሱም ለሁለት ሳይከፈል ዲኤንኤውን ደጋግሞ ያባዛል፤ ሁለት የነበረው ቅጂ እስከ 64 ይደርሳል። በመጨረሻም ወደ ደም ስር ክንዶቹን ዘርግቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕላትሌቶችን ይለቃል።

ሌላው ስህተት የተማረውንም ሰው ያሳስታል፦ ፕላትሌት ሲያንስ ጉበት ደንግጦ ትሮምቦፖይቲን ያበዛል የሚለው። ጉበት ምርቱን በአብዛኛው በእኩል መጠን ይቀጥላል። ልዩነቱን የሚያመጡት ፕላትሌቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ እነሱም ኤምፒኤል ስላላቸው ሆርሞኑን ይዘው ይውጡታል። እንግዳው ሲያንስ እንጀራው እንደሚተርፍ ሁሉ፣ ፕላትሌት ሲመናመን ለመቅኒው የሚደርሰው ሆርሞን ይበዛል። ያረጁ ፕላትሌቶች ጉበትን በመጠኑ እንደሚቀሰቅሱ ቢታወቅም ዋናው መቆጣጠሪያ ይኸው ነው።

ለመቅኒው የሚደርሰው የሆርሞን ምልክት በበዛ ቁጥር ይሻላል የሚልም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2005 የተገለጸው የጃክ2 ጂን ለውጥ ይህን ያፈርሰዋል፤ ኢንዛይሙ ሆርሞን ሳይጠብቅ ሲሠራ ፕላትሌት ከልክ ያልፋል፣ ደም ስርም በረጋ ደም ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የጸደቁት ሮሚፕሎስቲምና ኤልትሮምቦፓግ የተባሉት መድኃኒቶች ኤምፒኤል የተባለውን ይህንኑ ተቀባይ ስለሚያነቁ በሐኪም ክትትል ብቻ ይሰጣሉ።

ቁጥሩ ያነሰው መቅኒው ስለደከመ ላይሆን ይችላል። ወባ ፕላትሌትን ያመናምናል፤ በካላዛር ያበጠ ጣፊያም አፍኖ ይይዘዋል። ስለዚህ ውጤቱን ይዘው ሐኪም ዘንድ ሲገቡ አስቀድመው ይጠይቁ፦ ያነሰው ምርቱ ነው ወይስ የበዛው ጥፋቱ?