ሥራ የፈታች ዶሮ

በየከተማው ጓሮ በሽቦ ታጥረው የሚውሉ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች የሚበሉት ሞልቶ የሚሠሩት የላቸውም። መኖው በገንዳ፣ ውኃው በመጠጫ ቀርቦላቸዋል። አንዲት ቦቫንስ ብራውን ወይም ሎማን ብራውን በቀን የምትበላው ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ነው፤ ይህን ከገንዳ ለቅማ ለመጨረስ ከቀኑ ጥቂቱ ይበቃታል። የቀረውን ሰዓት የምትገፋበት ነገር የለም።

የዶሮ ተፈጥሮ ለእንዲህ ያለ ኑሮ አልተሠራም። የቤት ዶሮ ዋነኛ የዘር ምንጭ የደቡብ ምሥራቅ እስያው ቀይ የጫካ ዶሮ ሲሆን፣ ውሎው መጫርና መልቀም ነው። እንግሊዛዊቷ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ማሪያን ዶውኪንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ በሳን ዲዬጎ የእንስሳት ማቆያ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ የጫካ ዶሮዎችን ደቂቃ በደቂቃ ተከታትለው ነበር። ዶሮዎቹ ንቁ ሆነው በሚውሉበት ሰዓት ከተቆጠሩት ደቂቃዎች በ60 በመቶው መሬት ሲለቅሙ፣ በ34 በመቶው ደግሞ ሲጭሩ ታይተዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ደንከንና ሂውዝ የተባሉ ተመራማሪዎች የቤት ዶሮዎች ያው ምግብ ከጎናቸው በነፃ ተቀምጦላቸው እንኳ በምንቃራቸው ቁልፍ እየመቱ ለማግኘት እንደሚሠሩ አሳይተዋል። ዶሮ የምትለቅመው ስለራባት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

የሚጫር ነገር ያጣች ዶሮ ምንቃሯን ወደ ጎረቤቷ ታዞራለች። መጀመሪያ ከጅራት ሥርና ከጀርባ ላይ ላባ መንጨት ይመጣል፤ ቆዳው ተጋልጦ ደም የታየ እንደሆነ ሌሎቹም ይሰበሰቡና ነገሩ ወደ መበላላት ይደርሳል። ብዙ አርቢዎች ለዚህ የሚያውቁት መድኃኒት ምንቃር መቁረጥ ነው። ምንቃር ግን ነርቭ ያለበት፣ ሕመም የሚሰማው አካል ነው፤ መቁረጡ ጉዳቱን ቢቀንስም የመንጨቱን ምክንያት አይነካም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣውና ከ2012 ጀምሮ የተለመደውን ባዶ የሽቦ ሣጥን ባገደው ደንቡ ለእንቁላል ጣይ ዶሮዎች ጎጆ፣ ቆጥ እንዲሁም የሚጫርና የሚነቆር ጉዝጓዝ እንዲኖር ያስገደደው አለምክንያት አይደለም። በእርግጥ የላባ መርገፍ ሁሉ ከሥራ መፍታት አይመጣም። የቦታ ጥበት፣ ፕሮቲን ወይም ጨው ያነሰው መኖ፣ ቅማልና የተፈጥሮ ላባ መቀየርም ዶሮን ያራቁታሉ፤ ስለዚህ ወደ መጫወቻ ከመሄድ በፊት እነዚህን ማጣራት ይገባል።

ከመጫወቻ ሁሉ የሚበልጠው መጫወቻ የማይመስለው ጉዝጓዝ ነው። ወለሉ ላይ ስምንት ወይም አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ደረቅ ሰጋቱራ ወይም ጭድ ተነጥፎ፣ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ስንዴ ወይም የተከካ በቆሎ ቢበተንበት ቤቱ ወዲያው ሌላ መልክ ይይዛል። ዶሮዋ በአንድ እግሯ አንዴ ሁለቴ፣ በሌላው አንዴ ትጭርና ወደ ኋላ ራመድ ብላ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ያገላበጠችውን ትመረምራለች፤ አንድ ፍሬ ካገኘች ለቅማ እንደገና ትጀምራለች። በገንዳ ቢቀርብ በአንዴ የሚያልቀው ጥሬ እንዲህ ሲበተን እስከ ማደሪያ ሰዓት ያቆያቸዋል። አርቢውም ሳይለፋ ጉዝጓዙ ይገላበጥለታል፤ የተገላበጠ ጉዝጓዝ ቶሎ ይደርቃል፣ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታም ይቀንሳል። የጤፍ ጭድ ብቻውን ሲረጥብ ስለሚጣበቅ ከሰጋቱራ ጋር ቢቀላቀል ይሻላል። ቀለም ወይም ኬሚካል ከነካው እንጨት የወጣ ሰጋቱራ ግን አይሆንም።

የሚበተነው ጥሬ መጠን ሊኖረው ይገባል። ልማዱ ከቀን ምግባቸው ከአንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ ነው፤ ለአሥር ዶሮዎች 100 ግራም፣ ማለትም ሁለት ጭብጥ ያህል መሆኑ ነው። ከዚያ ካለፈ ዶሮዎቹ ካልሲየምና ፕሮቲን የተመጠነለትን መኖ ይተዉታል፤ የእንቁላሉ ቅርፊት ይሳሳል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ጠዋት አብዛኞቹ የሚጥሉበት ሰዓት ስለሆነ ያን ጊዜ ጥሬ በመበተን ከጎጆ ባያስነሷቸው መልካም ነው።

ሁለተኛው ሥራ የአፈር መታጠቢያ ነው። አሮጌ የመኪና ጎማ ወይም ሰፊ ሣጥን በደረቅ አፈር፣ በአሸዋና በተነፋ የከሰል አመድ ተሞልቶ ዝናብ በማይደርስበት ጥግ ይቀመጣል። ዶሮዋ ተኝታ አቧራውን በምንቃሯ ወደ ደረቷ ትሰበስባለች፣ በክንፏና በእግሯ ላባዋ ሥር ትነዛዋለች፣ በመጨረሻ ተነሥታ ታራግፈዋለች። ይህን በሁለት ቀን አንዴ ያህል፣ አብዛኛውን ጊዜ እኩለ ቀን ገደማ፣ ለግማሽ ሰዓት ታደርገዋለች። አፈሩ ከላባ ላይ ያረጀውን ቅባት ያነሣል፣ ቅማልንም ያስቸግራል።

ከሚንጠለጠሉት ውስጥ ጥቅል ጎመንን የሚያህል የለም። ግንዱን በረጅም ሚስማር በስቶ ሲባጎ ማሳለፍና ከዶሮዎቹ ራስ ከፍ አድርጎ ማሰር ይበቃል። አንዷ ስትነቁረው ይወዛወዛል፣ ወደ ሌላዋ ይሄዳል፤ ያቺኛዋ ቅጠል ቦጭቃ ትሮጣለች፣ ሦስቱ ያባርሯታል። ዘለው ካልሆነ እንዳይደርሱበት ማድረግ ግን ከባድ ዶሮዎችን እግር ይጎዳል። ዱባ ለሁለት ተገምሶ መሬት ላይ ቢቀመጥም ፍሬውን ከሥጋው እየፈለቀቁ ይውሉበታል። ጉልት ላይ የሚጣለው የጎመንና የሰላጣ የውጭ ቅጠል ለዚህ ሁሉ ይሆናል፤ የሻገተ ወይም የበሰበሰ ካልሆነ።

ባዶ ሃይላንድም ጥሩ አገልጋይ ነው። ወረቀቱና የክዳኑ ቀለበት ይነሣና፣ ከስንዴ ፍሬ ትንሽ ሰፋ ያሉ ቀዳዳዎች በጋለ ሚስማር ተበስተው፣ ሻካራው ጠርዝ ተስተካክሎ፣ ግማሽ ድረስ ጥሬ ይሞላል። ዶሮዎቹ ሲነቁሩት እየተንከባለለ አንድ ሁለት ፍሬ ይጥላል። ዶሮ አዲስ ነገር ትፈራለች፤ የመጀመሪያ ቀን ቢሸሹት አይገርምም። በዙሪያው ጥቂት ጥሬ በትኖ መተው ነው። የሚያብረቀርቅ ሲዲና መስታወት ማንጠልጠል በአንዳንድ ቦታ ይታያል፤ የሚበላ የማያወጣ ነገር ግን ቶሎ ይሰለቻል፣ አውራ ዶሮ ካለም ከገዛ ምስሉ ጋር ሲጣላ ይውላል።

ለጠላ ብቅል የሚያበቅል ቤት የበቀለ ገብስ ለማዘጋጀት አዲስ ሙያ አያስፈልገውም፤ ሦስት አራት ቀን ሻጋታ እንዳይዘው እየታጠበ የበቀለ እህል ዶሮዎች ይሻሙበታል። ትንሽ ልፋት የማይከብደው ደግሞ ገብስ በሣጥን ዘርቶ ከአፈሩ ትንሽ ከፍ ባለ ወንፊት ሽቦ ይሸፍነዋል፤ ዶሮዎቹ ብቅ ያለውን ጫፍ ብቻ ስለሚግጡ ሥሩ ተርፎ እንደገና ያቆጠቁጣል። ምስጥ ባለበት አካባቢ የቶጎና የቡርኪና ፋሶ ገበሬዎች ብልሃት ይሠራል። እርጥብ ገለባና እበት የሞላበት ሸክላ ምስጡ ላይ ተደፍቶ ያድራል፤ በማግስቱ ሲገለበጥ ለጫጩት የሚሆን ፕሮቲን ሞልቶበት ይገኛል። ምስጡ መድኃኒት ያልተረጨበት መሆን አለበት።

የወጥ ትራፊ ሌላ ጉዳይ ነው። ወፎች የበርበሬን ማቃጠል ስለማይሰማቸው ዶሮ ቀይ ወጥ ያለችግር ትበላለች፤ የሚጎዳት በውስጡ ያለው ጨውና ሽንኩርት ነው። የአቮካዶ ልጣጭና ዘር፣ ያልበሰለ ቦሎቄ፣ አረንጓዴ የሆነ የድንች ልጣጭና የሻገተ እንጀራ ወይም ዳቦም መቅረብ የለባቸውም። ዶሮ ጭራ ካራ አወጣች የሚለው ተረት እዚህ ቃል በቃል ይሠራል፤ ጉዝጓዝ ውስጥ የቀረ ሚስማር፣ የሽቦ ቁራጭና የላስቲክ ክር ሁሉ በመጨረሻ ሆዷ ይገባል። የጎመኑ ሲባጎም ሥራው ሲያበቃ መነሣት አለበት።

ኖርዌጂያዊው የእንስሳት ተመራማሪ ቶርሌፍ ሼልደሩፕ ኤበ ከመቶ ዓመት በፊት እንዳስረዱት በዶሮዎች መካከል የማዕረግ ተራ አለ። አንድ ጎመን ብቻ ከተሰቀለ አለቆቹ ይይዙታል፤ ከሥር ያሉት፣ ማለትም ቀድሞውኑ ላባቸው የሚነጨው፣ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቦታ ማራራቅ፣ በየጥቂት ቀኑም ማቀያየር ይሻላል።

ላባ የመንጨት ልማድ አንዴ ከያዘ ግን በመጫወቻ ብቻ አይለቅም። የቆሰለችው ለብቻዋ ተለይታ እስክትድን መቆየት አለባት፤ ነካሿም ከታወቀች ለጥቂት ቀን ብትገለል መንጋው ይረጋጋል። የሚቀለው ከጫጩትነት መጀመር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጭሩት ጉዝጓዝና ዝቅ ያለ ቆጥ ያገኙ ጫጩቶች አድገው ላባ የመንጨት ዝንባሌያቸው ያነሰ ነው።