የቋንቋ ካርታ እንዴት ይሠራል?

የቋንቋ ካርታ በአንድ ምድር ላይ የሚነገሩ ቋንቋዎችን ወይም ዘዬዎችን፣ ማለትም የአንድን ቋንቋ አካባቢያዊ አነጋገሮች፣ በየሥፍራቸው ለይቶ የሚያሳይ ሲሆን፣ እንዲህ ያሉ ካርታዎች በአንድነት ሲጠረዙ የቋንቋ አትላስ ይባላሉ። የተራራ ከፍታ በመሣሪያ ይለካል፤ ቋንቋ ግን የሚታወቀው ሰው ተጠይቆ በመሆኑ፣ የካርታው መልክ ማን፣ ምን፣ እንዴት ተጠየቀ በሚለው ላይ ያርፋል።

በጀርመን ጌኦርግ ቬንከር እ.ኤ.አ. በ1876 በራይን ወንዝ አካባቢ ለሚያስተምሩ መምህራን አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ልኮ በየመንደራቸው አነጋገር እንዲጽፉለት ጠየቀ፤ ጥናቱም በማርቡርግ ከተማ በመንግሥት ድጋፍ ተስፋፍቶ፣ በ40 ዓረፍተ ነገሮች ከ40,000 በላይ ትምህርት ቤቶች ምላሽ ተሰበሰበ። መምህራኑ የሰሙትን በተለመደው ፊደል እንደመሰላቸው ስለጻፉ ረቂቁ የድምፅ ልዩነት ብዙ ጊዜ ጠፍቷል፤ ሆኖም የመንደሮቹ ብዛት ጉድለቱን አብዝቶ ይክሳል። ስያሜያቸውን ከምድሩ አቀማመጥ ባገኙት በሰሜኑ ቆላ ጀርመንኛና በደቡቡ ደጋ ጀርመንኛ መካከል አንድ ጥርት ያለ ወሰን ይገኛል ተብሎ ሲጠበቅ፣ እያንዳንዱ ቃል የየራሱን ድንበር ይዞ ተገኘ። እንዲህ ያለው መስመር፣ ማለትም አንድ ቃል ወይም ድምፅ መልኩን የሚለውጥበት ወሰን፣ ኢሶግሎስ ይባላል። «መሥራት» ለማለት ሰሜኖቹ «ማከን»፣ ደቡቦቹ «ማኸን» የሚሉበት መስመር ራይንን የሚሻገረው ከዱሰልዶርፍ መሐል በስተደቡብ በቤንራት ሲሆን፣ «እኔ» ለማለት «ኢክ» እና «ኢኽ» የሚለያዩበት መስመር ግን ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ በዩርዲንገን ያልፋል፤ በመካከል ያለው ሕዝብ በአንዱ ቃል ከደቡብ፣ በሌላው ከሰሜን ጋር ነው።

በፈረንሳይ ዡል ዢዬሮን ተቃራኒውን መንገድ መረጠ። እርሱ የላከው ኤድሞን ኤድሞን የቋንቋ ሊቅ ባይሆንም ጆሮው የሠለጠነ ሰው ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1897 እስከ 1901 ድረስ 639 ሥፍራዎችን ራሱ እየዞረ፣ አብዛኛውን ጊዜ በየሥፍራው አንድ ሰው ብቻ ጠይቆ፣ መጀመሪያ የተሰጠውን መልስ ሳያርም በድምፅ ምልክቶች መዘገበ። የድምፁ ጥራት በአንድ ሰው አንደበት የመንደርን ሁሉ ንግግር በመወከል የተገኘ ነው። አትላሱ ከላቲን የተወለዱ አነጋገሮችን ብቻ ስለሚመለከት፣ ብረቶንኛ የሚነገርበት የብሪታኒ ምዕራብ በካርታዎቹ ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ አንባቢ ይህን ባዶነት የዝምታ ምልክት አድርጎ ሊወስደው አይገባም።

ካርታው ለመንግሥታት ድርድር ሲቀርብ ደግሞ ቀለሙ ራሱ ክርክር ይሆናል። የሃንጋሪው የመልክዓ ምድር ሊቅ ፓል ቴለኪ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለሰላም ድርድሩ ባዘጋጀው ካርታ፣ የ1910ን የሕዝብ ቆጠራ መሠረት አድርጎ ለሃንጋሪዎች ደማቅ ቀይ ቀለም ሲሰጥ፣ ሰው በሳሳበት ሥፍራ ነጩን ተወው። ቁጥሩን አልፈጠረውም፤ ነገር ግን ሮማንያውያን ተበታትነው የሚኖሩባቸው የትራንስልቫንያ ተራሮች ነጭ ሲሆኑ፣ ሃንጋሪዎች የበዙባቸው ከተሞች ቀልተው ዓይንን ይስባሉ። ቆጠራውም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ብሎ የመዘገበው ሰው የራሴ የሚለውንና ይበልጥ ወዶ የሚናገረውን በመሆኑ፣ ሁለት ቋንቋ የሚናገረው ዜጋ በአንዱ ብቻ ተቆጥሯል።

ቤልጅየም ከሁሉም የተለየ መፍትሔ ወስዳለች። በዚያ የመንደሮች የአስተዳደር ቋንቋ በቆጠራ ውጤት ይወሰን ስለነበር ጥያቄው ራሱ የጠብ ምንጭ ሆነ፤ የ1947ቱ ቆጠራ ቋንቋን የጠየቀ የመጨረሻው ሲሆን፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የደችኛና የፈረንሳይኛ ወሰን በሕግ ጸና። ከዚያ ወዲህ ተናጋሪዎች ወዲያና ወዲህ ቢሻገሩም መስመሩ አይከተላቸውም።