እርሾው አብሮ እንዳይፈስ

እንጀራ የምትጋግር እናት ሊጡን አሟጥጣ አትጋግርም፤ ለቀጣዩ ቡኮ እርሾ ታስቀራለች። ከፍሳሽ ተረፈ ምርት ሃይድሮጅን የተባለውን ጋዝ ለማምረት የሚጥሩ ተመራማሪዎችን ያስቸገራቸውም ይኸው የእርሾ ጉዳይ ነው።

ስኳርነት ያለው ፍሳሽ አየር በማይገባው ማብላያ ውስጥ ሲብላላ ክሎስትሪዲየም የሚባሉት ባክቴሪያዎች ሃይድሮጅን ያወጣሉ። ጋዙ ሲነድ ጭስ የለውም፤ የሚወጣው የውኃ እንፋሎት ነው። ብዙ ጋዝ ለማግኘት ፍሳሹ ቶሎ ቶሎ ገብቶ መውጣት አለበት። ተሕዋስያኑ ከሚራቡበት ፍጥነት በላይ ከሄደ ግን ተጠራርገው አብረው ይወጣሉ፤ ማብላያውም ባዶውን ይቀራል።

መፍትሔው ተሕዋስያኑን አስሮ ማስቀመጥ ነው። አንዱ መንገድ ከባሕር አረም በሚገኝ አልጂኔት በተባለ ዝልግልግ ነገር ጠቅልሎ እንደ አተር ማድበልበል ነው። ፎስፌት የበዛበት ፍሳሽ ግን ይህንን አተር ያሟሟዋል፤ በውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝም ሊያፈነዳው ይችላል። ሁለተኛው በስፖንጅ፣ በከሰል ወይም በኮኮናት ቃጫ ላይ እንዲጣበቁ ማድረግ ነው። ሌላው ደግሞ ራሳቸው ተያይዘው እንደ አሸዋ እንዲረጉ መተው ነው። በዚህ መንገድ የሚሠራውን የፍሳሽ ማጣሪያ የኔዘርላንዱ ጋትዘ ለቲንጋ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ) አስተዋውቋል፤ ያ ግን ለሚቴን ነበር።

አንድ ጣጣ አለ። ሃይድሮጅን በልተው ሚቴን የሚሠሩ ተሕዋስያንም እዚያው ተጣብቀው ይቀመጣሉ። ስለዚህ እርሾው አስቀድሞ በሙቀት ይታከማል፤ ክሎስትሪዲየም ዘር መሳይ ቅርፊት ስላለው ሙቀቱን ይችላል።

በአርሶ አደሩ ጓሮ ባለው የባዮጋዝ ማብላያ ነገሩ ተቃራኒ ነው። እዚያ የሚፈለገው ሚቴኑ ነው፤ ሃይድሮጅኑ ቢበላም ጉዳት የለውም። የእርሾው ሕግ ግን አይለወጥም። እበትና ውኃ እኩል ለእኩል ይቀላቀላል። ውኃው ከበዛ ተሕዋስያኑ ሳይራቡ ይወጣሉ፤ ጋዙም ይደክማል። አዲስ ማብላያ ሲጀመር ከሚሠራ የጎረቤት ማብላያ ጥቂት ባልዲ ዝቃጭ መጨመር ሥራውን ያፋጥነዋል። የሳሙና እጣቢና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የተወጋ ከብት እበት ግን መግባት የለባቸውም፤ እርሾውን ይገድላሉ።

ሃይድሮጅኑ ገና ለጓሮ የሚሆን አይደለም፤ ወረዳዎችም ለዚህ በጀት ለመያዝ ቢቸኩሉ ያለ ጊዜው ነው። ቢሞከር የሚያዋጣው ትኩስና ስኳር ቀመስ ፍሳሽ በብዛት በሚወጣበት፣ ለምሳሌ እንደ ፊንጫና መተሐራ ባሉ የኢታኖል ማምረቻዎች ነው። እዚያም ቢሆን ከመጀመሪያው ገንዳ የሚተርፈው አሲድ አብዛኛውን ጉልበት ይዞ ስለሚወጣ ሚቴን የሚያወጣ ሁለተኛ ገንዳ ከጎኑ ያስፈልጋል።